መልእክቱ ደርሷል፤ ምርመራውስ? በስልክና በኢንተርኔት የሚካሄደው የኤች አይ ቪ ምርመራ ቅስቀሳ በመተማ ቆላ ሲመዘን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ሕዝባችን። አባባሉ እውነትነት ያለው ቢሆንም ፍርዱን አስቀድሞ የሰጠ ነው፤ ጥፋቱን በደባቂው ላይ ይጥላል። በምዕራብ ጎንደር ዞን በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ እርሻዎች ላይ የሚውለውን ወጣት የቀን ሠራተኛ በዚህ አባባል ስንመዝነው ግን ፍርዱ ይናወጣል። ይህ ሰው የደበቀው በሽታ የለም፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መኖሩንም አያውቅም። ማወቂያው መንገድ ደግሞ እርሱ በሚገኝበት ስፍራ፣ እርሱ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት አይገኝም።

በቅርብ ዓመታት ለኤች አይ ቪ የተጋለጡ ወንዶችን ወደ ምርመራ ለማምጣት የሞባይል አጭር መልእክት፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና የመሳሰሉት መንገዶች እንደ ዋና መፍትሔ ሲቀርቡ ይሰማል። ሐሳቡ ዋጋ ቢስ አይደለም። ሆኖም በአንድ አገር ትልቅ ከተማ የተገኘ ውጤት ወደ ቆላማው ጠረፍ ሲወርድ ምን ይቀርለታል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ የቅስቀሳ ስልት በመተማ ተጨባጭ ሁኔታ መመዘን ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ቢገለጽ ይሻላል፦ በስልክና በኢንተርኔት የሚተላለፍ መልእክት ሰውን የሚያስመረምረው ከኋላው የሚታወቅ ሰው፣ የሚደረስበት ምርመራና የማያቋርጥ ሕክምና ሲኖር ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ መልእክቱ የተቋማችንን ግዴታ ወደ ታካሚው ትከሻ ማሸጋገሪያ ይሆናል።

ተጋላጩ ወንድ ማን ነው?

መተማ ዮሐንስ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት፣ ስሟንም ከእርሳቸው ያገኘች የጠረፍ ከተማ ናት። ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያም ለጥጥ ለቀማና ለማሽላ ከደጋውና ከወይና ደጋው እጅግ ብዙ ወንድ ይወርዳል። አብዛኛው ወጣት ነው፤ ሚስት ያለውም ቢሆን ብቻውን ይመጣል። በእርሻው ላይ በጅምላ ያድራል፤ ገንዘብ የሚይዘው ሥራው ሲያበቃ ነው፤ ገንዘቡን ይዞ የሚያርፈው ደግሞ በጠረፍ ከተሞቹ መጠጥ ቤቶች ነው። በዚህ ላይ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ ነጋዴዎች፣ ወደ ሱዳን ለመሻገር የሚጠባበቁ ስደተኞች ይጨመራሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም መተማ ከጦርነቱ የሸሹ ሰዎች የሚገቡባት ዋና በር ሆናለች።

ይህ ሕዝብ በቁጥር ሪፖርታችን ውስጥ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ሕዝብ ውስጥ የኤች አይ ቪ ሥርጭት 0.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። አገራዊው ቁጥር ዝቅ ማለቱ የሚያስደስት ቢሆንም ወረርሽኙ በተወሰኑ ስፍራዎችና በተወሰኑ ሰዎች ላይ መከማቸቱን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በከተሞች የተደረገው ጥናት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ከሚገኝ አዋቂዎች መካከል ራሳቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ያህል እንደሆኑ፣ ካወቁት ውስጥ ግን 97 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒት እንደሚወስዱ አመልክቷል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዋናው ክፍተት ያለው ከመድኃኒቱ በፊት፣ ራስን በማወቁ ደረጃ ላይ ነው። ጥናቱ የከተማ ነዋሪዎችን የተመለከተ በመሆኑ በእርሻ ላይ የሚያድረው ወቅታዊ ሠራተኛ በዚህ ስሌት ውስጥ እንኳ አልገባም።

በካላዛር ክፍል ውስጥ የሠራ ባለሙያ ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። ለሳምንታት ትኩሳት የጸናበት፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ሰውነቱ የመነመነ ወጣት ይመጣል። ካላዛር የተገኘበት ታካሚ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊደረግለት ስለሚገባ ይመረመራል፤ በአንድ ቀን የሁለት በሽታዎችን ስም ይሰማል። ከዚህ በፊት ተመርምሮ እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ማን ጠይቆኝ?» የሚል ነው። ስልክ ግን በኪሱ ውስጥ አለ።

የዚህ መዘግየት ዋጋ ቀላል አይደለም። ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ሕክምናው ይከብዳል፤ በሽታውም ደጋግሞ ያገረሻል። በጎንደርና በአብዱራፊ የተካሄደው ጥናት ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ ከሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ፣ ሕክምናው ሲራዘም የመዳን መጠኑ ወደ 88 በመቶ እንደሚደርስ፣ መርፌው ብቻውን ሲሰጥ ግን 55 በመቶ አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ጥምር ሕክምናውን መክሯል። ይህ በራሳችን ምድር የተገኘ ትልቅ እመርታ ነው። ይሁንና የተሻለው ሕክምና ወጣቱ እዚህ ደረጃ ላይ ሳይደርስ ራሱን ቢያውቅ ኖሮ የማያስፈልገው ነበር።

ከሬዲዮው ዘመን የሚወሰድ ትምህርት

ሰውን በድምፅ ወደ ምርመራ መጥራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው የፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ተከታታይ ድራማ «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት። ድራማው ካበቃ በኋላ የተደረገው ዳሰሳ ድራማውን የተከታተሉ ወንዶች ካልተከታተሉት በአራት እጥፍ፣ ሴቶች ደግሞ በሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዳደረጉ ዘግቧል። ይህ ቁጥር በብዙ መድረክ ሲጠቀስ ኖሯል፤ አድማጩን በስብከት ሳይሆን በሰው ሕይወት መሳቡም ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ባለሙያ አንባቢ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ሬዲዮ ያለውና ድራማ የሚከታተል ሰው ከማይከታተለው ጋር በሌሎች ነገሮች ሁሉ አይመሳሰልም። ለከተማ የቀረበ፣ ቀለም የቀመሰ፣ ቀድሞውኑም ስለ ጤናው የሚያስብ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ ለድራማው መስጠት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ በእነዚያው ዓመታት የምክርና የምርመራ አገልግሎት በየጤና ተቋሙ እየተስፋፋ ነበር፤ በጥር 1997 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። ድምፁና አገልግሎቱ አብረው መጡ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የሚሊኒየም ኤድስ ዘመቻም ሕዝቡን በብዛት ያስመረመረው ጥሪውን ከመመርመሪያው፣ መመርመሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር አጣምሮ በመውጣቱ ነው።

ከዚያ ዘመን ሌላም የሚወሰድ ነገር አለ። 952 ነፃ የስልክ መስመር ደዋዩ ስሙን ሳይናገር ጥያቄውን እንዲያቀርብ በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው «ቤተኛ» የሬዲዮ ዝግጅት ደግሞ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ሰዎች የገዛ ሕይወታቸውን በገዛ አንደበታቸው እንዲተርኩ አድርጓል። ሁለቱም የተሳካላቸው መልእክት ስለበተኑ ብቻ አይደለም፤ አንደኛው ጠያቂን የሚሰማ ጆሮ፣ ሁለተኛው የሚታመን ሰው ስላቀረቡ ነው። የዛሬው የስልክ ቅስቀሳ ከእነዚህ ያነሰ ነገር ይዞ እየመጣ እንደሆነ ራሱን ሊመረምር ይገባል።

የኢንተርኔቱ ማስረጃ ምን ይላል?

ኢንተርኔት ለምርመራ ቅስቀሳ ይጠቅማል ለሚለው ሐሳብ መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የሎስ አንጀለስ ጥናት ነው። ተሳታፊዎቹ ከወንዶች ጋር ወሲባዊ ግንኙነት የሚያደርጉ 112 ወንዶች ሲሆኑ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያንና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። በፌስቡክ ዝግ ቡድኖች ውስጥ ከተመደቡ በኋላ፣ በአንደኛው ወገን የሠለጠኑ የራሳቸው አቻዎች ስለ ኤች አይ ቪ መከላከልና ስለ ምርመራ አወያዩአቸው፤ በሌላው ወገን ውይይቱ ስለ አጠቃላይ ጤና ነበር። ስለ ኤች አይ ቪ ከተወያዩት 57 ሰዎች ውስጥ 25ቱ፣ ማለትም 44 በመቶ የሚሆኑት በቤት ውስጥ የሚደረግ መመርመሪያ ሲጠይቁ፣ ከንጽጽሩ ቡድን የጠየቁት 20 በመቶ ነበሩ። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ ከአቻ ቡድኑ 17 በመቶ፣ ከንጽጽሩ ቡድን 7 በመቶ የሚሆኑት እንደተመረመሩ አሳይቷል።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያሻል። አንደኛው፣ ልዩነቱን ያመጣው ፌስቡክ አይደለም፤ ሁለቱም ወገኖች ፌስቡክ ላይ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው በቡድኑ ውስጥ የነበረው የሠለጠነ አቻ ነው። ሁለተኛው፣ በሎስ አንጀለስ መመርመሪያ ከጠየቁት 25 ሰዎች ውስጥ ናሙናቸውን መልሰው የላኩት 9 ብቻ ናቸው። በመጠየቅና በመመርመር መካከል ያለው ገደል የፖስታ አገልግሎት በተሟላበት ከተማ እንኳ እንዲህ ሰፊ ነበር።

ለመተማ የሚቀርበው ግን የኬንያው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ይህ ጥናት በኬንያ አውራ ጎዳናዎች ዳር ባሉ ክሊኒኮች የተመዘገቡ፣ ግን አዘውትረው የማይመረመሩ 2,262 ወንድ የከባድ መኪና ሹፌሮችን የያዘ ነበር። ለአንደኛው ቡድን የራስ መመርመሪያ ኪት በክሊኒኮቹ እንደሚገኝ የሚገልጽ አጭር መልእክት እስከ ሦስት ጊዜ ተላከ፤ ለሌላው ቡድን በተመሳሳይ ድግግሞሽ ስለ ተለመደው ምርመራ የሚያስታውስ መልእክት ተላከ። ስለ ኪቱ የተነገራቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ተመርምረዋል፤ ይህ በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ ውጤት ነው። ነገር ግን ከእነዚሁ ውስጥ በሁለት ወራት ጊዜ የተመረመሩት 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። መልእክቱ ከደረሳቸው መቶ ሰዎች ውስጥ ዘጠና ስድስቱ አልመጡም ማለት ነው።

የጥናት ማጠቃለያዎች የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ያጎላሉ፤ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ግን ሁለተኛውን ማጉላት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ አገልግሎትን በኢንተርኔት ማቅረብን የመከረው «በተጨማሪ አማራጭነት» ነው፤ የመረጃ ምስጢርም እንዲጠበቅ አሳስቧል። «ተጨማሪ» የተባለው ነገር በእኛ ዕቅዶች ውስጥ «ዋና» ሆኖ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የመልእክቱ ቋንቋ

በዚህ መስክ ሂስ የሚያሻው ከሁሉ በላይ የመልእክቶቹ አቀራረጽ ነው። «ራስዎን ይወቁ! ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ በሚገኝ የጤና ተቋም ይመርመሩ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን መልእክት በነሐሴ ወር በሰሊጥ አረም ላይ ያለ ሰው ያነበዋል እንበል።

«ዛሬውኑ» የሚለው ቃል ለእርሱ የአንድ ቀን ደመወዝ ማጣት ነው። የቀን ሠራተኛ ሥራ ትቶ ወደ ከተማ ሲሄድ ክፍያው ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታውም ሊያመልጠው ይችላል። «በአቅራቢያዎ» የሚለው ደግሞ መልእክቱን የጻፈው ሰው ያለበትን ስፍራ እንጂ የአንባቢውን አያመለክትም፤ ከእርሻው እስከ ጤና ጣቢያው በክረምት ጭቃ የብዙ ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። «የጤና ተቋም» በመንግሥት የሥራ ሰዓት የሚከፈት ነው፤ ሠራተኛው ከተማ የሚገባው ግን ሲመሽ ወይም በዕረፍት ቀን ነው። «ይመርመሩ» ብሎ ያበቃው ዐረፍተ ነገር ደግሞ በአንባቢው ልብ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል፦ ቢገኝብኝስ? ወደ አገሬ ልመለስ? መድኃኒቱን ከየት እወስዳለሁ? ሱዳን ብሻገርስ?

«እርስዎ» የሚለው አክብሮት እንኳ እዚህ ላይ ያርቃል። በደብዳቤ ተገቢ ቢሆንም፣ በእርሻ ላይ እርስ በርሱ «ጎበዝ»፣ «ወንድሜ» እየተባባለ ለሚውል ወጣት የመሥሪያ ቤት ድምፅ ይሆንበታል። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ጽሑፉ በሌላ ሰው ሊነበብለት ነው። ስለ ኤች አይ ቪ የሚናገር መልእክት በጓደኛ አፍ መነበቡ ሰውየው ያልተጠየቀውን ምስጢር እንደማውጣት ሊቆጠርበት ይችላል። ስልክ በጋራ በሚያዝበት፣ አንዱ የሌላውን ባትሪ በሚሞላበት ኑሮ ውስጥ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

መስመሩ ሲቋረጥ

ሌላው ችግር ራሱ መስመሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ማናቸውም የጤና ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ድምፁ ይጠፋ ነበር። በጠረፍ አካባቢ የመንገድ መዘጋትና የፀጥታ ችግር ሲጨመርበት፣ መልእክቱ የቀረበት ሰው ምርመራውም መድኃኒቱም ይቀርበታል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ደግሞ ጤና ሚኒስቴር በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺሕ የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ውል እንዲቋረጥ አድርጓል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ አገልግሎት በልዩ ፈቃድ እንዲቀጥል ቢደረግም ትምህርቱ ግን ቀርቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሰው ቢጎድል በስልክ እንሸፍነዋለን» የሚል ፈተና ይመጣል። ከላይ ያየናቸው ጥናቶች ግን ተቃራኒውን ይናገራሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው፤ ስልኩ የሰውየውን ድምፅ ያርቃል እንጂ ሰውየውን አይተካም።

ስለ ራስ መመርመሪያ ኪትም አንድ ነገር መባል አለበት። በአፍ ፈሳሽ የሚሠራው ኪት በ20 ደቂቃ ውስጥ ውጤት የሚሰጥ፣ መርፌ የማይፈልግ፣ ለዓይን አፋሩ ወንድ የሚመች መሣሪያ ነው። ነገር ግን አምራቹ የሚያዘው የማከማቻ ሙቀት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በመተማ በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በእርሻ ዳስ ውስጥ በካርቶን የሚከማች ኪት አስተማማኝነቱን ያጣል። በራስ ምርመራ ቫይረሱን የሚያመለክት ውጤት መታየቱም የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም፤ በጤና ተቋም በተሟላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ኪት ማደል ሥራው ተጠናቀቀ ማለት ሳይሆን ገና ተጀመረ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ሂስ አቅራቢ አማራጭ የማሳየት ግዴታ አለበት። ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ የመልእክቱ የጊዜ ሰሌዳ የእርሻው የጊዜ ሰሌዳ ይሁን። ሠራተኛው ከደጋው ከመነሣቱ በፊት በሰኔ፣ ክፍያ ተቀብሎ ወደ ከተማ በሚወጣበት በጥቅምት፣ ወደ ቤቱ በሚመለስበት በታኅሣሥ መልእክቱ ሊደርሰው ይገባል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ድምፅ የሚላክ ጥሪ ለማንም የተላከ አይደለም። ሰኔ ላይ የሚጀመረው ሥራ ደግሞ የምዕራብ ጎንደር ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሠራተኛውን የሚልኩት የደጋ ወረዳዎችም ድርሻ አላቸው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የታየው የካላዛር ወረርሽኝ ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደገባ ይታመናል። የቆላው በሽታ በቆላ እንደማይቀር ያኔ ተምረናል።

ሁለተኛ፣ መልእክቱ ስፍራና ሰዓት ይጥራ። ለምሳሌ «ወንድማችን፣ ለአረም ወደ መተማ ከወረድህ፣ በዕረፍት ቀንህ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በጤና ጣቢያው የጓሮ በር ነርሱን ታገኘዋለህ። የወባም የሌላም ምርመራ በነፃ ይደረግልሃል፤ ስምህን ጮኾ የሚጠራ የለም» የሚል መልእክት ከ«ራስዎን ይወቁ» የተሻለ ነው። ኤች አይ ቪን በስም ያልጠራው ስልኩ በማን እጅ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ሰውየው ሲመጣ የሚደረግለት ምርመራ ምን እንደሆነ በግልጽ ሊነገረውና ፈቃዱ ሊጠየቅ ግድ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ በዚያ ሰዓት በሩ በእውነት ክፍት መሆን አለበት። መልእክት አምኖ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይመጣም፤ ጓደኞቹንም ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ ላኪው የሚታወቅ ሰው ይሁን። በሎስ አንጀለስና በሊማ የሠራው አቻው ነው። በመተማ አቻው ማለት ከዚህ በፊት በእርሻው የሠራና ራሱን ያወቀ ሰው፣ የሠራተኛው ካቦ፣ የሹፌር ረዳት፣ ፈቃደኛ ከሆነም መድኃኒቱን እየወሰደ ሥራውን የሚሠራ ወንድም ነው። ካቦዎችን ማሠልጠን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካቦ በሠራተኛው ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ስለሆነ ማንም በእርሱ ግፊት እንዳይመረመር፣ ውጤትም ወደ ጆሮው እንዳይደርስ ደንብ ሊወጣ ይገባል። በመልእክት ለመድረስ ደግሞ ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ ይሻላል፤ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ የሚደመጥ፣ ተደማጩም ጥያቄ የሚጠይቅበት መስመር ከቴሌግራም ገጽ ይልቅ ለዚህ ስፍራ ይስማማል።

አራተኛ፣ ወንዱ በሌላ ምክንያት ወደ እኛ ሲመጣ አይለፈን። ወባ ይዞት፣ ቆስሎ፣ የአባላዘር በሽታ አግኝቶት የሚመጣው ሰው ያለ ምንም ቅስቀሳ ደጃችን ደርሷል። እርሱን ሳንጠይቅ እየሸኘን በስልክ ሌላ ሰው መጥራት ጉዳዩን ያሳታል። «ማን ጠይቆኝ?» የሚለው መልስ ከሁሉ በፊት የሚወቅሰው እኛን ነው።

አምስተኛ፣ «ቢገኝብኝስ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በመልእክቱ ውስጥ ይኑር። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በመመርመሪያ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በወሲባዊ ግንኙነት ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ፣ ሕክምናው የተረጋጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል፣ ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ በዝውውር መሄድ እንደሚቻል ሠራተኛው ሊያውቅ ይገባል። እነዚህ ለተንቀሳቃሽ ሠራተኛ ከማናቸውም መፈክር ይልቅ የሚያሳምኑ ናቸው። አዲስ ጀማሪው ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የቅርብ ክትትል ስለሚያስፈልገው የቆላውና የደጋው ጤና ጣቢያዎች በስልክ የሚገናኙበትን አሠራር መዘርጋት ያስፈልጋል። ስልክና ኢንተርኔት በእርግጥ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ባለሙያን ከባለሙያ ጋር በማገናኘት፣ ታካሚው በመካከል እንዳይጠፋ በማድረግ።

ስድስተኛ፣ የምንለካውን እንለውጥ። «ይህን ያህል ሺሕ መልእክት ተላከ፣ ይህን ያህል ሰው ገጹን ተመለከተ» የሚል ሪፖርት ስለ ጤና ምንም አይነግረንም። ሊጠየቅ የሚገባው ስንቱ መጣ፣ ከመጡት ስንቱ ከዚህ በፊት ተመርምሮ አያውቅም፣ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ስንቱ መድኃኒት ጀመረ፣ ከስድስት ወር በኋላስ ስንቱ በክትትል ላይ ነው የሚለው ነው። የኬንያው ጥናት ክብር የሚገባው 3.5 በመቶ የሚለውን አሳዛኝ ቁጥር ሳይደብቅ በማውጣቱ ነው።

ማጠቃለያ

በኢንተርኔትና በስልክ የሚደረገው ቅስቀሳ ይቅር የሚል አቋም ይህ ጽሑፍ የለውም። በጎንደር ከተማ ለሚኖር ተማሪ፣ ለነጋዴ፣ ለሹፌር ጥሩ በር ሊሆን ይችላል። በመተማ እርሻ ላይ ላለው ሰው ግን መልእክት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከመልእክቱ ማዶ ክፍት በር፣ የሚቀበል ሰውና ያልተበላሸ ኪት ሊኖሩ ይገባል። እነዚህን ሳናዘጋጅ የምንልከው ጥሪ «ነግረነው ነበር» ለማለት የሚመች ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለእኛ ለባለሙያዎቹም ሳይሠራ አይቀርም። የአገልግሎታችንን ጉድለት በመልእክት ብዛት የደበቅን እንደሆነ ለጉድለቱ መድኃኒት አናገኝለትም። በሚቀጥለው አረም ወደ ቆላ የሚወርደው ወጣት ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የምንጠይቀው በካላዛር ክፍል አልጋ ላይ እንዳይሆን፣ የዚህ ዓመቱ ሥራ ከሰኔ በፊት ሊጀመር ይገባል።